ያልተጫወቱት ዘጠኝ እርምጃዎች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2018 ለንደን ላይ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና አሥራ ሁለተኛና የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ እየተካሄደ ነበር። ቀደም ብለው የተደረጉት አሥራ አንዱም ጨዋታዎች በአቻ አልቀዋል። በዚህኛው ጥቁር የያዘው ሻምፒዮኑ ማግነስ ካርልሰን 31ኛ እርምጃውን ከተጫወተ በኋላ ተጋጣሚውን ፋቢያኖ ካሩዋናን አቻ እንለያይ አለው። ካሩዋና እሺ አለ፣ ተጨባበጡ፣ ሻምፒዮናውም ወደ መለያ ጨዋታ ተሻገረ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ መደበኛ ጨዋታዎቹ አንድ ሳይቀር በአቻ ሲያልቁ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አቻ በራሱ ማንንም አያስገርምም። በዚያ ደረጃ ከሚደረጉ ጨዋታዎች አብዛኞቹ የሚያልቁት በአቻ ነው። ያስገረመው ጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። በሰሌዳው ላይ የተሻለ አቋም የነበረው ካርልሰን ነበር፤ ብዙ ደቂቃ የተረፈውም እርሱ ነበር። ካሩዋና በጠበበ ሰዓት አስቸጋሪ አቋም እየተከላከለ ሳለ ከጭንቀቱ ያወጣው ባላጋራው ራሱ ሆነ። ጋሪ ካስፓሮቭ ወዲያው ሐሳቡን በአደባባይ ለወጠ። እስከዚያ ድረስ በፈጣኑ መለያ ካርልሰን ያይላል ብሎ ይገምት እንደነበር፣ አሁን ግን መለያ ጨዋታ ብርቱ መንፈስ ስለሚጠይቅና ካርልሰን የራሱን እያጣ ስለሚመስል ግምቱን መልሶ እንደሚያጤን ጻፈ። ቭላድሚር ክራምኒክም ከተቺዎቹ ጎን ቆመ። ከሁለት ቀን በኋላ ካርልሰን መለያውን 3 ለ 0 አሸንፎ ዘውዱን አስጠበቀ። ስለ ሁለቱ የቀድሞ ሻምፒዮኖች ሲናገርም የማይረባ አስተያየታቸውን የመያዝ መብት አላቸው አለ።

ብዙ ሰው ክርክሩ እዚያ ላይ እንደተዘጋ ይቆጥራል። እኔ ግን አልተዘጋም እላለሁ። ረቡዕ የተገኘ ድል ሰኞ የተደረገን ውሳኔ ትክክል አያደርገውም፤ ካርልሰን ረቡዕ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮም ሽንፈቱ ብቻውን የሰኞውን ውሳኔ ስሕተት አያደርገውም ነበር። ውሳኔው መመዘን ያለበት ሻምፒዮኑ በዚያች ሰዓት ያውቀው በነበረው ነገር ነው። እርሱ ያውቀው የነበረው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከሚያነሡት በላይ ነው።

ከተጋጣሚው እንጀምር። ካሩዋና ከቦቢ ፊሸር ወዲህ ላልተከፋፈለው የዓለም ዘውድ የተጫወተ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነበር። በመደበኛው ቼዝ የካርልሰን ነጥብ 2835፣ የካሩዋና 2832 ነበር። የሦስት ነጥብ ልዩነት ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። ካርልሰን ከ2011 አጋማሽ ጀምሮ ከዓለም አንደኛነት አልወረደም፤ በለንደን ቢሸነፍ ዘውዱን ብቻ ሳይሆን አንደኛነቱንም በአንድ ቀን ያጣ ነበር። በፈጣኑ ቼዝ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ካርልሰን 2880፣ ካሩዋና 2789። እግር ኳስ የሚወድ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ምርጥ በረኛ ያለው ቡድን በጭማሪ ሰዓት ወደ ፊት ከመንደርደር ይልቅ መለያ ምቱን መጠበቅ ይመርጣል፤ ይህን ስላደረገም ፈሪ አይባልም።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል፤ የክርክሩ ጉልበት ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በቼዝ የነጥብ ቀመር መሠረት 91 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከሚገኘው ነጥብ 63 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የለንደኑ መለያ አራት ፈጣን ጨዋታዎች ነበሩት፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 25 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ። በአንድ ጨዋታ የሚታየው ብልጫ በአራት ጨዋታ ሲደመር ይጠነክራል። በግርድፉ ሲሰላ እንዲህ ያለው ተጫዋች ከአራት መለያዎች ሦስቱን ያሸንፋል። ስለዚህ ካርልሰን እጁን ለመጨባበጥ ሲዘረጋ የያዘው ነገር ባዶ ግማሽ ነጥብ አልነበረም፤ 75 በመቶ ያህል የዘውድ ዋስትና ነበር።

እንግዲህ ጨዋታውን ቢቀጥል ምን ያተርፍ ነበር? ቢያሸንፍ ከ75 ወደ 100 ይወጣል፤ ትርፉ 25 ነው። ቢሸነፍ ከ75 ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኪሳራው 75 ነው። አቻ ቢወጣ የትም አልሄደም። ስለዚህ መቀጠል የሚያዋጣው የማሸነፍ ዕድሉ ከመሸነፍ ዕድሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። «የተሻለ አቋም ነበረው» የሚለው ትችት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። በትንሹ የተሻለ አቋም ሁለት እጥፍ ዕድል ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለት እጥፍ ደግሞ ለሌላ ሰው መልካም ሆኖ ለካርልሰን መጥፎ ውርርድ ነበር። እኔ ይህን ስሌት ባየሁ ቁጥር የአቻ ጥያቄውን ፍርሃት ብለው በአንድ ቃል የሚዘጉ ሰዎች ቸኩለዋል እላለሁ።

ነገር ግን ያው ስሌት ለተቺዎቹም ያገለግላል። አቋሙን እንየው። ካሩዋና ንጉሡን በረጅሙ በኩል አስቀምጧል። የጥቁሩ የጠርዝ ወታደር እስከ አራተኛው መስመር ዘልቆ ወደዚያው ንጉሥ ተጠግቷል፤ የጥቁሩ ፈረስ መሐል አካባቢ በማይነቀል ቦታ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ደግሞ ወደ ነጩ ግዛት የገባና ጥበቃ ያለው የመሐል ወታደር አለ። ነጭ በዚያች ሰዓት ሊያደርገው የሚችለው አስፈሪ ነገር ጥቂት ነበር፤ ምናልባት በሌላው ክንፍ ወታደር ሰውቶ መስመር መክፈት። የኮምፒውተር ግምቶችም ጥቁርን ይመርጡ ነበር። እዚህ ላይ የሰዓቱን ልዩነት ስንጨምር፣ የማሸነፍ ዕድሉ ከመሸነፍ ዕድሉ አምስትና ስድስት እጥፍ ነበር የሚል ጠንካራ ተጫዋች ቢኖር ስሕተቱን በቀላሉ ማሳየት አይቻልም። ሦስት እጥፍ ይሁን ስድስት እጥፍ የሚወሰነው በቀመር አይደለም፤ አቋሙን በሚያነብ ዓይን ነው። የካርልሰን ዓይን ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ እንደሆነ ማንም አይክድም።

የካስፓሮቭ ትችት ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች አስተያየቱን እንደ ስድብ አንብበውታል። በጥሞና ሲታይ ግን ስሌቱ የቆመበትን 75 በመቶ ራሱን የሚነካ ብቸኛ ክርክር ነው። ቁጥሩ የተገኘው ካለፉት ዓመታት ውጤት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ተለመደው ካርልሰን ነው። ሰኞ ዕለት የተሻለ አቋምና የበለጠ ሰዓት ይዞ መግፋት ያቃተው ሰው ረቡዕ ዕለት የተለመደው ካርልሰን ሆኖ ይመጣል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? የመንፈስ መሸርሸሩ እውነት ከሆነ 75ቱ ወደ 50 ይወርዳል። ያን ጊዜ ሦስት እጥፍ ዕድል አያስፈልግም፤ የማሸነፍ ዕድሉ ከመሸነፍ ዕድሉ ትንሽ መብለጡ ይበቃል፣ አቻውም ግልጽ ስሕተት ይሆናል። ለዚህ ጥርጣሬ ማስረጃ አልጠፋም ነበር። በዚያው ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ካርልሰን፣ ያኔም ጥቁር ይዞ፣ ተመሳሳይ ዕድል አግኝቶ ነበር። የካሩዋና ሰዓት ሊያልቅ ደርሶ አቋሙም ፈርሶ ሳለ ሻምፒዮኑ ድሉን አልጨረሰውም፤ ጨዋታው ሰባት ሰዓት ፈጅቶ በ115 እርምጃ በአቻ አለቀ። በጥንካሬው የሚታወቀው የካርልሰን እጅ በዚያ ዕለት ላላ።

ለዚህ የሚሰጠው መልስም ቀላል አይደለም። በረጅም ጨዋታ የሚመጣ ጥርጣሬና በፈጣን ጨዋታ የሚመጣ ጥርጣሬ አንድ ዓይነት አይመስሉኝም። ሰባት ሰዓት የተሰጠው ሰው ራሱን ለመጠራጠርም ሰባት ሰዓት አለው። በ25 ደቂቃ ውስጥ ግን የሚሠራው ልምድና ደመ ነፍስ ነው፤ ካርልሰንን የሚወዳደር በሌለበት ቦታ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አሥራ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት መመለሻ የለውም። በፈጣኑ መለያ ከመጨረሻው በፊት አንዱን ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ሦስት፣ ሁለት ወይም ቢያንስ አንድ ሌላ ጨዋታ ይቀረዋል። መንፈሱ መናወጡን የሚያውቅ ተጫዋች ዕጣውን በአንድ ጨዋታ ላይ ከማንጠልጠል በአራት ቢከፍለው ብልህነት ነው። እንዲህ ሲታይ የካስፓሮቭ ትዝብት እውነት ሆኖ መደምደሚያው ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

ካርልሰን ራሱ በዚያው ምሽት የተናገረው ከዚህ ጋር ይስማማል። ወደ ጨዋታው የገባው ፍጹም አስተማማኝ የሆነ፣ ግን መጠነኛ ጫና የሚፈጥርበት አቋም ፍለጋ እንደነበር፣ አቻ የማይበቃው ቢሆን ኖሮ በሌላ መንገድ ይጫወት እንደነበር አስረዳ። የውድድሩ ደንብ ከ30ኛው እርምጃ በፊት በስምምነት አቻ መለያየትን ይከለክል ነበር፤ ጥያቄው የመጣው በ31ኛው ነው። ይህ የሚያሳየው በጨዋታው መሐል ድንገት የመጣ ድንጋጤን አይደለም። ቤቱ ሆኖ ያሰበውን፣ አሥራ አንድ አቻዎች ያስተማሩትን ዕቅድ ይዞ መጥቷል። ተቺዎቹ ግን ይህንኑ ገልብጠው ያነሡታል፦ ዕቅዱ የተሠራው እንዲህ ያለ መልካም አቋም ይገኛል ተብሎ ሳይታሰብ ከሆነ፣ አቋሙ ሲገኝ ዕቅዱ መለወጥ ነበረበት። በዚህ ነጥብ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። በጭንቀት ጊዜ የሚደርስ ትልቁ አደጋ መርበትበት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የተወሰነን ነገር ሳይመረምሩ መፈጸምም አለበት።

የኒው ዮርኩ ታሪክ ሳይነሣ ግን ፍርዱ ሚዛን ይስታል። በ2016 ካርልሰን ሰርጌይ ካርያኪንን ሲገጥም ሰባት ተከታታይ አቻዎች አልፈው ነበር። በስምንተኛው ጨዋታ ነጭ ይዞ፣ አቻ የሆነን አቋም በግድ ወደ ድል ሊወስድ ገፋ፤ ገፋና ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ መግለጫውን ጥሎ ወጣ። ዘውዱ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት በአሥረኛው ጨዋታ በጭንቅ አካካሰ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ተምሯል፤ በ30 እርምጃ፣ ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አቻ ተለያይቶ በፈጣኑ መለያ 3 ለ 1 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ጨዋታ የዘጋው ንግሥቱን በመሠዋት ነበር፤ ቀኑም የልደቱ ቀን ነበር። እንግዲህ ለንደን ላይ የተቀመጠው ሰው «ትንሽ ልግፋ፣ አቻው የትም አይሄድም» የሚለው ሐሳብ ምን እንደሚያስከፍል በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው። አቻው የትም አይሄድም የተባለበት አቋም ኒው ዮርክ ላይ ሄዶበታል።

ሌሎች ሻምፒዮኖችም በዚሁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ከሁሉ የሚያስተምረው የሶፊያው ነው። በ2010 ቬሴሊን ቶፓሎቭ በገዛ አገሩ ቡልጋሪያ ቪስዋናታን አናንድን ገጠመ። አናንድ በአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ ምክንያት በረራ ቆሞበት ከፍራንክፈርት ሶፊያ ድረስ በመኪና የመጣ ነበር። ከአሥራ አንድ ጨዋታ በኋላ እኩል ነበሩ። አሥራ ሁለተኛውም በአቻ ቢያልቅ ቀጣዩ ፈጣን መለያ ነበር፤ አናንድ ደግሞ በዘመኑ የፈጣን ቼዝ ጌታ ነበር። ለቶፓሎቭ የካርልሰን ስሌት ተገልብጦ ይሠራል፦ አቻው ለእርሱ ከግማሽ በታች የሚያወጣ ስለሆነ አደጋ መቀበል ነበረበት። ነጭ ይዞ ሚዛናዊ በሆነ አቋም ላይ ገፋ፣ የንጉሡን በር ከፈተ፣ በዚያው ጨዋታ ተሸነፈ። ብዙዎች ይህን «አቻ ይበቃ ነበር» ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ ግን የቶፓሎቭ ሐሳብ ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው እጁ ነው እላለሁ። ለካርልሰን ፍርድ ስንሰጥ የምንጠቀምበትን ሚዛን ለቶፓሎቭም ማቅረብ አለብን፤ የተሸነፈ ሁሉ በሐሳቡ የተሳሳተ አይደለም።

አናንድ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ቦሪስ ጌልፋንድን ሲገጥም የመጨረሻውን መደበኛ ጨዋታ በ22 እርምጃ በአቻ ዘግቶ በፈጣኑ 2.5 ለ 1.5 አሸንፏል። ስለዚህ ካርልሰን አዲስ መንገድ አልጠረገም።

ካስፓሮቭና ክራምኒክ ለምን እንዲህ እንዳዘኑ ለመረዳትም ታሪካቸው ይረዳል። በ1987 ሴቪያ ላይ ካስፓሮቭ የመጨረሻውን 24ኛ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት፤ አለበለዚያ ዘውዱ ወደ አናቶሊ ካርፖቭ ይመለስ ነበር። አሸንፎ 12 ለ 12 አደረገው፤ በዚያ ዘመን ደንብ እኩል መውጣት ለሻምፒዮኑ ይበቃል። ክራምኒክም በ2004 ብሪሳጎ ላይ ከፒተር ሌኮ ጋር ሲጫወት የመጨረሻውን ጨዋታ የግድ አሸንፎ ነው ዘውዱን ያዳነው። ሁለቱም የመጨረሻዋን ቀን በጦርነት ያለፉ ሰዎች ናቸው። በእነዚያ ሻምፒዮናዎች የመጨረሻው ጨዋታ በእርግጥ የመጨረሻ ነበር፤ ከጀርባው መጠባበቂያ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው የተሻለ አቋም ይዞ እጅ የሚዘረጋን ሻምፒዮን ሲያይ ቢከፋው አይፈረድበትም። ነገር ግን እነርሱ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ካርልሰን ነበረው። ምርጫ የሌለው ሰው ያሳየው ጀግንነት ምርጫ ያለውን ሰው ለመክሰስ መዋል የለበትም።

ከለንደን በኋላ ከመጡት ሻምፒዮናዎች ሁለቱ ክርክሩን የበለጠ አወሳሰቡት። በ2023 አስታና ላይ ዲንግ ሊረንና ያን ኔፖምኒያሺ 7 ለ 7 ወጥተው አራተኛው ፈጣን ጨዋታ ላይ ደረሱ። ጥቁር የያዘው ዲንግ ሰዓቱ ከሁለት ደቂቃ በታች ወርዶ ሳለ፣ አቋሙን እየደጋገሙ በአቻ መለያየት በእጁ ነበር። እንቢ አለ። ሩኩን ከንጉሡ ፊት አስገብቶ በፈቃዱ አሰረው፤ ያን ጊዜ እብደት የመሰለው ይህ እርምጃ ጨዋታውን አስቀጠለ፣ ኔፖምኒያሺም በጭንቀቱ ተንሸራቶ ተሸነፈ። ዲንግ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የካርልሰን ተቺዎች ሊጠቅሱት ከሚችሉት ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፦ የተናወጠ መንፈስ ያለው ሰው እንኳ በትክክለኛው ሰዓት አቻን እምቢ ሊል ይችላል። ዲንግ በዚያ ሻምፒዮና መንፈሱ እንደተረበሸ በግልጽ ሲናገር ነበር።

በ2024 ደግሞ ሲንጋፖር ላይ ያው ዲንግ በተቃራኒው ቦታ ተቀመጠ። ተጋጣሚው ጉኬሽ ዶማራጁ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከአሥራ ሦስት ጨዋታ በኋላ እኩል ነበሩ። በፈጣን ቼዝ ዲንግ ይበልጣል ተብሎ ይገመት ስለነበር አቻው ለዲንግ ይጠቅማል። ዲንግ ነጭ ይዞ ነገሩን አቀለለ፣ ክፍሎቹን አቀያየረ፣ አንድ ወታደር እስከ መስጠት ሄዶ አቻ ወደሚመስለው የመጨረሻ ምዕራፍ ገባ። ጉኬሽ ግን በአንዲት ወታደር ብልጫ ብቻ መጫወቱን ቀጠለ። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ሩኩን ወደ ተሳሳተ ቦታ ወሰደ፣ ዘውዱም በዚያች እርምጃ አለፈ። ወደ መለያ መሸሽ ዋስትና ነው የሚለውን ሐሳብ ይህ ጨዋታ ክፉኛ ጎዳው። ከለንደኑ የሚለየው ግን በአንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ዲንግ ከጉኬሽ ፈቃድ አላገኘም፤ ካርልሰን ከካሩዋና አግኝቷል። እጅ ከተጨባበጡ በኋላ የሚሳሳት ሩክ የለም። ካርልሰን የጠየቀው ከተሻለ አቋም ላይ መሆኑ፣ ብዙዎች እንደ ነውር የቆጠሩት ነገር፣ ጥያቄው ተቀባይነት እንዲያገኝ ያደረገው ዋና ምክንያት ነው። የተሻለው ሰው ሲጠይቅ የባሰበት ሰው እምቢ አይልም።

ስለ ተመልካቹም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሦስት ሳምንት ያህል አሥራ ሁለት አቻ የተከታተለ ሰው ተታለልኩ ቢል ልረዳው እችላለሁ። ሻምፒዮን ለጨዋታው ክብር ዕዳ አለበት የሚለውን ሐሳብ ግን በዚህ ጉዳይ አልቀበለውም። መደበኛውን ሻምፒዮና በፈጣን መለያ እንዲፈታ የወሰኑት ደንብ አውጪዎች ናቸው። ሽልማቱ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በመደበኛው ጨዋታ ለሚያሸንፍ 60 በመቶ፣ በመለያ ለሚያሸንፍ 55 በመቶ ነበር፤ 50 ሺህ ዩሮ ብቻ ያለው ልዩነት ማንንም ወደ አደጋ አይገፋም። በፈጣን ቼዝ የሚበልጠውን ሰው አቻ እንዲወድ ያደረገው ደንቡ ነው፤ ወቀሳውም መጀመሪያ ወደዚያ መሄድ አለበት።

የእኔን ሚዛን በግልጽ ላስቀምጥ። ካርልሰን አቻን መፈለጉ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በ31ኛው እርምጃ መጠየቁ ግን ትክክል አልነበረም። ብዙዎች ጉዳዩን ማሸነፍ ወይስ አቻ በሚል ያቀርቡታል፤ እውነተኛው ምርጫ ግን አቻ አሁን ወይስ አቻ ቆይቶ የሚል ነበር። በለንደኑ ደንብ ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች 100 ደቂቃ ይሰጣል፤ 40ኛው ላይ ሌላ 50 ደቂቃ ይጨመራል። የካሩዋና የሰዓት ጭንቀት ዕድሜ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የካርልሰን የሰዓት ብልጫ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በእነዚያ ዘጠኝ እርምጃዎች ካርልሰን ጥቃት እንዲከፍት ማንም አላስገደደውም። ንጉሡን ማጠናከር፣ ሩኮቹን ማሰለፍ፣ ምንም ሳይሰዋ መጠበቅ ይችል ነበር፤ ካሩዋና ግን ለእያንዳንዱ ጥበቃ ካለችው ጥቂት ደቂቃ ይከፍላል። 40ኛው ላይ ምንም ካልተገኘ የአቻ ጥያቄው ያው ጥያቄ ነው። ካሩዋና እዚያ ላይ እምቢ የሚልበት ምክንያት የሚኖረው ካርልሰን በመሐሉ ተሳስቶ አቋሙን ካበላሸ ብቻ ነው።

የዚህ ሐሳብ ደካማ ጎን የት እንዳለ ይታወቀኛል። «ምንም ሳይሰዉ መጠበቅ» በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በየእርምጃው 30 ሰከንድ የሚጨመርለት ካሩዋና ባዶ እጁን አልነበረም፤ በዚያ ሻምፒዮና በተደጋጋሚ ክፉ አቋም ተከላክሎ አድኗል። ጠባቂው ሰው ሲጠብቅ ቆይቶ ቀስ በቀስ ትንሽ ትንሽ ይለቃል፤ የኒው ዮርኩ ስምንተኛ ጨዋታም የጀመረው አደጋ በማይመስሉ እርምጃዎች ነበር። ካርልሰን ይህን ቢፈራ የሚፈራውን ያውቃል። የሆነ ሆኖ በኒው ዮርክ ገፍቶ የተሸነፈው በሚዛናዊ አቋም ነው፤ በለንደን ያለው አቋም ሚዛናዊ አልነበረም፣ ተጋጣሚውም ሰዓት አልነበረውም። ካርልሰን ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ማየት የሚችል ሰው ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ለመለየት አልሞከረም።

ከለንደን ሦስት ዓመት በኋላ ዱባይ ላይ ደንቡ ተለወጠ። መደበኛ ጨዋታዎቹ ወደ አሥራ አራት ከፍ አሉ፤ በስምምነት አቻ መለያየትም እስከ 40ኛው እርምጃ ተከለከለ። በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ የለንደኑ ጥያቄ አይፈቀድም ነበር፤ ካርልሰን እነዚያን ዘጠኝ እርምጃዎች ወደደም ጠላም ይጫወታቸው ነበር። በዱባይ ከኔፖምኒያሺ ጋር የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች በአቻ ሲያልቁ፣ ከኒው ዮርክ ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና የተቆጠሩት ተከታታይ የመደበኛ ጨዋታ አቻዎች 19 ደረሱ። በስድስተኛው ካርልሰን ወደ ስምንት ሰዓት የሚጠጋ ተቀመጠ፤ በ136ኛው እርምጃ፣ በሻምፒዮናው ታሪክ ረጅሙ በሆነው ጨዋታ፣ አሸነፈ።